ቤቱ ሲፈርስ ጥንዚዛ የት ገባ?

በካምፓላ፣ ካባላጋላ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ባለፈው ቅዳሜ ለሽሮ የሚሆን ሽንብራ ልገዛ እዚሁ ካባላጋላ፣ ከጋባ መንገድ ገባ ብላ ወዳለች አንዲት የአገር ቤት እህል መሸጫ ሄጄ ነበር። ባለሱቋ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። ከረጢቱን ፈትተው አንድ ሁለት እፍኝ ሰፌድ ላይ ሲያፈሱት እጃቸው ቆመ። "አዬ! ነቅዞብኛል" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ልጄ፣ አፉ እንደተሰፋ ነው የተረከብኩት፤ ቤቴም ንጹሕ ነው። ታዲያ ይሄ ነገር በየት ገባ?" ብለው ጠየቁኝ።

"አልገባም፣ እትዬ። ሲመጣም ውስጡ ነበር" ስላቸው "ኧረ በገብርኤል!" ብለው ሳቁብኝ። እኔም የነቀዘውን አንድ ጣሳ አሰፍሬ ይዤ ሄድኩ። እሱን ነው በዚህ ብልቃጥ የምታዩት። የዛሬውን ንግግር ያዘጋጀሁት ለሳቸው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው፤ እሳቸውም እዚህ መጥተዋል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አንዷን ፍሬ በአጉሊ መነጽር እንያት። ቅርፊቷ ላይ የመርፌ ራስ የማታህል ነጭ ነጥብ ተለጥፋለች። ይህች የእንቁላል ሽፋን ናት። እናቲቱ እንቁላሏን ፍሬው ላይ እንደ ሙጫ በሚያጣብቅ ነገር አጣብቃ ሄደች። እጩ ሲፈለፈል አንድ ጊዜም ወደ ውጭ ብቅ አላለም፤ ከእንቁላሉ ሥር ሥሩን ቅርፊቱን በስቶ በቀጥታ ወደ ሽንብራው ገባ። ውስጥ ሆኖ እየበላ አደገ። ሊወጣ ሲቃረብ ቅርፊቱን ከውስጥ በኩል ክብ አድርጎ ፋቀው፤ እስከመጨረሻው ግን አልበሳውም። ስስ ክዳን ተወለት። በብርሃን ብታዩት ያ ክብ ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ መስኮት ነው። ከመስኮቱ ጀርባ አሁን በዚህች ደቂቃ አንድ ጉልምስ ነቀዝ ተቀምጦ ይሆናል። ቀኑ ሲደርስ ክዳኑን በራሱ ገፍቶ ይወጣል። ከረጢቱ ቢሰፋም ባይሰፋም ለእሱ ምንም አይደለም፤ የእሱ ቤት ከረጢቱ አልነበረምና።

ይህ ነቀዝ ጥንዚዛ ነው። የበቆሎው ነቀዝም፣ እበት እያንከባለለ የሚሄደውም፣ ማታ መብራት ላይ እየተጋጨ የሚወድቀውም ጥቁር ድፍን ፍጥረት ጥንዚዛ ነው። ሳይንስ እስካሁን ስም ያወጣላቸው የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 400,000 ይጠጋሉ። ስም ካላቸው የእንስሳት ዝርያዎች ሁሉ ከአራቱ አንዱ ጥንዚዛ ነው ማለት ነው። የአእዋፍ ዝርያ 11,000 ገደማ ብቻ ነው።

ጥንዚዛን ጥንዚዛ የሚያሰኘው የፊት ክንፎቹ ናቸው። ንብና ቢራቢሮ ባላቸው ክንፍ ሁሉ ይበራሉ። የጥንዚዛ የፊት ክንፎች ግን ጠንክረው እንደ ሙዳይ ክዳን ሆነዋል፤ የሚበርባቸው ስስ ክንፎች ከክዳኑ ሥር ታጥፈው ይቀመጣሉ። ንብን በዛፍ ቅርፊትና በግንዱ መካከል ባለው ስንጥቅ ብታሳልፏት ክንፏ ይተለተላል። ጥንዚዛ ግን ክዳኑን ገጥሞ በቅርፊት ሥር፣ በድንጋይ ሥር፣ በእበት ውስጥ ይሽሎከለካል፤ ሲፈልግ ደግሞ ወጥቶ ክዳኑን ይከፍትና ይበራል። በጠባብ ቦታ ለመኖር የተሠራ ፍጥረት ነው። ስለዚህ የጥንዚዛን ታሪክ መከተል የፈለገ ሰው የተሸሸገባቸውን ቤቶች ይከተል። የምድር አየር ንብረት በተናወጠ ቁጥር የፈረሰውም የተሠራውም እነዚህ ቤቶች ናቸው፤ ጥንዚዛም መልኩን የቀየረው እነሱን ተከትሎ ነው። ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ቤት እንጨት ነበር። እስካሁን ከተገኙት የጥንዚዛ ቅሪተ አካላት እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ከጀርመን የተገኘ ሲሆን፣ ዕድሜው ወደ 295 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። በሩሲያ ኡራል ተራሮች አጠገብ በምትገኘው ቼካርዳ እና በቼክ አገር ኦቦራ ከዚያ ትንሽ የሚያንሱ ብዙ ተገኝተዋል። እነዚያ ጥንዚዛዎች ጠፍጣፋ ነበሩ። ክዳናቸው ገና በልክ የተሰፋ አልነበረም፤ ከሆዳቸው አልፎ ይንጠለጠላል፤ ላላ ያለ ነው። የሚኖሩት በዛፍ ቅርፊት ሥርና በግንድ ውስጥ ነበር። አብዛኞቹ እንጨት ይበሉ ነበር። የወደቀ ግንድ ቦርቡሮ ወደ አፈር መመለስ ዛሬም ትልቅ ሥራ ነው፤ በዚያን ዘመን ይህን የሚሠሩት ጥንዚዛዎች ከደኑ ጋር አንድ ላይ በዙ።

ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደኑ ጠፋ።

በሳይቤሪያ ምድር ተሰነጠቀ። የቀለጠ ዓለት በብዙ መቶ ሺህ ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ እየፈሰሰ አንድን ክፍለ አህጉር የሚያህል መሬት አለበሰ። አብሮት የወጣው ጋዝ አየሩን አጋለው፤ ዝናቡንም አሲድ አደረገው። ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ከአሥሩ ስምንት ወይም ዘጠኙ ጠፉ። በየብስ ላይ ስለደረሰው አንድ ምስክር ብቻ ልጥቀስ፤ የድንጋይ ከሰል ነው። ከሰል የሚፈጠረው ረግረግ ውስጥ ከተቀበረ ደን ነው። ከዚያ ጥፋት በኋላ ወደ አሥር ሚሊዮን ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ በዓለም ላይ የትም ቦታ የከሰል ንጣፍ አልተፈጠረም። ከሰል የሚሆን ደን አልነበረማ!

ታዲያ ጥንዚዛ የት ገባ? በ2021 እ.ኤ.አ. በቻይና ናንጂንግ ያሉ የቅሪተ አካል ተመራማሪዎች ከሌሎች አገሮች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህንኑ ጠየቁ። ከዚያ ዘመን የተገኙትን የጥንዚዛ ቅሪቶች ሁሉ ሰብስበው፣ እያንዳንዱ በምን ዓይነት ቤት ይኖር እንደነበር ከአካሉ ቅርጽ እየገመቱ፣ ከደኑ ታሪክ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡት። የታየው ነገር ግልጽ ነው። እንጨት በሊታዎቹ ጥንታውያን ከደኑ ጋር ከሞላ ጎደል ጠፍተዋል። ከጥፋቱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የጥንዚዛ ቅሪት ማግኘት እጅግ ብርቅ ነው። ደኑ ተመልሶ ሲያቆጠቁጥ ጥንዚዛም ይመለሳል፤ ግን የተመለሰው ያው የቀድሞው አይደለም። ውኃ ውስጥ የሚኖሩ በርክተዋል፤ አዳዲስ የየብስ ወገኖችም ተነሥተዋል። ዛሬ ከምናያቸው ጥንዚዛዎች እጅግ የሚበዙትን የያዘው ታላቁ ወገን ከዚያ በኋላ እየገነነ ሄደ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ጊዜ የዝግመተ ለውጥ ነገር ሲነሣ ጠንካራው ደካማውን አሸነፈ ተብሎ ይወራል። እኔ ይህን አባባል አልወደውም፤ እውነቱንም ያደበዝዘዋል። እነዚያ እንጨት በሊታ ጥንዚዛዎች ደካማ አልነበሩም። አርባ ሚሊዮን ዓመት የኖሩበትን ሙያ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የጠፉት የሚኖሩበት ግንድ ስለጠፋ ነው። ከተረፉት ደግሞ ውኃ ዳር ወይም ሌላ ጠባብ ጥግ ያገኙ ይገኙበታል።

እርጥበት ውስጥ ከተጠለሉት አንዱን በመልኩ እናውቀዋለን። በፖላንድ 230 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረ የአንድ ተሳቢ እንስሳ ፋንድያ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ድንጋዩን ሳይሰብሩ በኃይለኛ ጨረር ውስጡን ሲያዩ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ የሆኑ ጥንዚዛዎች አገኙ። ከፊሎቹ እግራቸውና አንቴናቸው እንኳ አልተጎዳም። እንስሳው ከነነፍሳቸው ውጧቸው፣ በክዳናቸው ጥንካሬ ሳይፈጩ አልፈው፣ በዚያው ተቀብረው ቀሩ። በ2021 እ.ኤ.አ. ስም ወጣላቸው፤ ትሪያሚክሳ ይባላሉ። ዛሬ ያሉት ዘመዶቻቸው ውኃ ዳር እርጥብ አልጌ ላይ ይኖራሉ።

የዳይኖሰሮችን ዘመን በአጭሩ ልለፈው። በዚያ ዘመን አጋማሽ ላይ ሌላ ቤት ተሠራ፤ አበባና ፍሬ። ከምያንማር በተገኘ 99 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የዛፍ ሙጫ ውስጥ ሰውነቷ ላይ የአበባ ብናኝ የተጣበቀባት ጥንዚዛ አለች። የሽንብራችን ነቀዝና የበቆሎው ነቀዝ ከዚህ አዲስ ቤት የወጡ ወገኖች ናቸው። አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1998 እ.ኤ.አ. የጥንዚዛ ብዛት ምስጢሩ አበባ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሌሎች ሰዎች በዘረመል መርምረው፣ ዛሬ ካሉት የጥንዚዛ ወገኖች ከመቶ በላይ የሚሆኑት አበባ ከመምጣቱ በፊት ነበሩ አሉ። እኔ ሁለቱም የእውነት ቁራጭ ይዘዋል እላለሁ። አበባ ለአንዳንዱ ወገን ሰፊ አዳራሽ ከፈተለት። ለሌላው ግን ዋናው ነገር ከቤት ቤት እየተዛወሩ አለመጥፋት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የቅሪተ አካል ጥናት እንደሚያሳየው ያ ታላቁ የጥንዚዛ ወገን ባለው ረጅም ታሪክ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። ዳይኖሰሮችን ያጠፋው አደጋ ሲመጣ እንኳ።

እትዬ፣ ጤፍን ነቀዝ ለምን አይነካውም ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። መልሱ ከዚሁ ነው። የበቆሎ ነቀዝ አንዲቱን ፍሬ በስታ አንድ እንቁላል ታኖራለች፤ እጩም በዚያችው አንዲት ፍሬ ውስጥ ተጠቅልሎ ማደግ አለበት። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ነቀዟ ራሷ ከፍሬዋ ትበልጣለች። ጤፍ ለነቀዝ ቤት አይሆንም። የአገራችን ገበሬ ይህን አውቆ ባቄላውን ወይም ማሽላውን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ጎታ ውስጥ ያስቀምጣል። ጤፉ በትልልቁ እህል መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ ነቀዝ መንቀሳቀሻ ያሳጣዋል። ሦስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በስንጥቅ የኖረን ፍጥረት ስንጥቁን ሞልቶ መከላከል! ይህን መላ መጀመሪያ ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ስሙን እዚህ በክብር እጠራው ነበር።

አሁን ወደ አገራችን መሬት እንምጣ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በኢትዮጵያም መሬት ተሰንጥቆ የቀለጠ ዓለት ፈሰሰ። የሳይቤሪያውን ያህል አይደለም፤ ሆኖም ደጋውን የሠራልን እሱ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ገደሉን አሻግራችሁ ስታዩ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የምታዩት ንጣፍ ያ ፍሰት ነው። ከዚያ ስምጥ ሸለቆ ተከፍቶ ደጋውን ለሁለት ቆረጠው፤ ባሌና አርሲ ወዲያ፣ ጎጃምና ሰሜን ወዲህ ቀሩ።

በሰሜን ሸዋ፣ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ አካባቢ፣ በድንጋይ መካከል ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ ይገኛል። ዓለም አምበር ይለዋል። እጣንና ከርቤ የምናጤስ ሰዎች ሙጫ ምን እንደሆነ አስረጂ አያስፈልገንም፤ ይህኛው ትኩስ ሳለ ጉንዳንና ሌላ ሌላ ነፍሳት ተጣብቀውበት የቀሩ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ለዓለም ሲተዋወቅ ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ነው ተብሎ ነበር። በኋላ በዚያው ደለል ውስጥ ያለው የአበባ ብናኝ ሲመረመር ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ሰባ ሚሊዮን ዓመት የሚያህል እርማት ነው። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲሰማ "ታዲያ ሳይንስ ምኑ ይታመናል?" ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ምክንያት አምነዋለሁ፤ የተሳሳተውን ቆጥሮ በአደባባይ ያስተካክላልና። ለእኛም አዲሱ ዕድሜ ይሻለናል። ያ ሙጫ ደጋው ከተሠራ በኋላ እዚያ ደን እንደነበረ ይነግረናል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ቅዝቃዜ ነው፤ የእኛና የአውሮፓ ጥንዚዛዎች መንገድ የተለየውም በዚህ ጊዜ ነው።

ራስል ኩፕ የሚባሉ እንግሊዛዊ ሊቅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከእንግሊዝ ረግረግና ጠጠር ውስጥ የበረዶ ዘመን ጥንዚዛዎችን ክዳን ሲለቅሙ ኖሩ። ሰው ሁሉ የጠበቀው የበረዶ ዘመን ጥንዚዛዎችን ቀይሮ አዲስ ዝርያ ያወጣል ብሎ ነበር። ኩፕ ያገኙት ሌላ ነው። ክዳኖቹ ዛሬ በሕይወት ካሉት ዝርያዎች ጋር አንድ ናቸው። የተለወጠው አድራሻቸው ነው። ዛሬ በቲቤት ከፍታ ላይ ብቻ የሚገኝ የእበት ጥንዚዛ በበረዶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ይኖር ነበር። የአውሮፓ ጥንዚዛ ብርዱ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ሲሞቅ ወደ ሰሜን ወጣ። ሜዳው ሰፊ ነበረ፣ መንገዱም ክፍት። መሄድ የሚችል መለወጥ አላስፈለገውም።

አሁን በባሌ ያለውን የሳኔቲን አምባ አስቡ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ አምባውን ያቋርጠዋል፤ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጅብራው እንደ ሰው ቆሞ በጭጋግ ውስጥ ይታያል። አንድ ማለዳ እዚያ ነበርኩ። ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ከእግሬ በታች ይንኮሻኮሻል። ከአንዲት ኩሬ ዳር ድንጋይ ገለበጥኩ። ሥሩ ጥቁር፣ እርጥብ፣ ከላዩ አየር የሞቀ አፈር ነው። ቡናማ ነገር ተስለከለከ፤ አራት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ረጅም እግር፣ ረጅም አንቴና፣ የሚያብለጨልጭ ጀርባ። ወገኑ ትሬኩስ ይባላል። ትንንሽ ነፍሳትን እያደነ የሚበላ ጥንዚዛ ነው። ክዳኑን ገልጣችሁ ብታዩ ሥሩ የሚበርበት ክንፍ የለም።

ክንፉ የት ሄደ? ዳርዊን በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ማዴራ ደሴት ሲጽፍ፣ ከ550 የጥንዚዛ ዝርያዎች 200ዎቹ መብረር የማይችሉ ናቸው ይላል፤ ምክንያቱንም በዋነኛነት ለነፋስ ሰጠው፤ የበረረውን ነፋስ ወደ ባሕር ይወስደዋል፣ የማይበረው ይቀራል አለ። በ1943 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፊሊፕ ዳርሊንግተን የደሴትና የተራራ ጥንዚዛዎችን መርምረው ነገሩን ወደ ቤቱ መለሱት። ክንፍና የክንፍ ጡንቻ ብዙ ምግብ ይበላል። ቤቱ ጠባብና የማይናወጥ ከሆነ፣ ከዚያም ወዲያ የሚኬድበት ሌላ ቤት ከሌለ፣ ክንፍ ዕዳ ነው፤ ያንን ምግብ እንቁላል ላይ ያዋለች እናት ትበልጣለች። እኔም የሳኔቲን ድንጋይ ከገለበጥኩ ወዲህ የዳርሊንግተን ወገን ነኝ።

ክንፍ የሌለው ጥንዚዛ የአየር ንብረት ሲለወጥ እንደ እንግሊዙ አገር ለአገር መሄድ አይችልም። የሚችለው በእግሩ መውጣትና መውረድ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ በባሌና በአርሲ ተራሮች ሰፊ የበረዶ ግግር ነበር። አየሩ ከዛሬው በአምስት ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዝ ነበር። በዚያው ዘመን ፊንጫ ሃቤራ በሚባል ዋሻ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ እንደነበር አጥንቱ ይመሰክራል። ከበረዶው ግርጌ እሳት አንድደው የተቀመጡትን እነዚያን ሰዎች ሳስብ ይገርመኛል።

በረዶው ሲገፋ ውርጩ ወደ ደጋ፣ ደጋው ወደ ወይና ደጋ ወረደ። አስታውና ጓሳው ዝቅ አሉ። ዛሬ በሞቃታማ ሸለቆ የተለያዩ ተራሮች ያን ጊዜ ግርጌያቸው በቅዝቃዜ ተያያዘ፤ ትሬኩስም በእግሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ሲሞቅ እንደገና ሁሉም ወደየተራራው ጫፍ ወጣ፤ መንገዱም ከኋላው ተዘጋ። ከዚህ ከካባላጋላ ወደ ጋባ ወርዳችሁ የምታዩት፣ የአገሩ ሰው ናሉባሌ የሚለው ቪክቶሪያ ሐይቅ እንኳ በበረዶው ዘመን ማብቂያ ላይ ደርቆ እንደገና የሞላ ነው። ምድር እንዲህ ስትተነፍስ ያ ክንፍ የለሽ ጥንዚዛ በየተራራው ለየብቻው ቀረ። ለየብቻው የቀረም ለየብቻው ተለወጠ።

ውጤቱ እስከ ዛሬ ተቆጥሮ አላለቀም። እንግሊዛዊው ሂው ስኮት ከ1926 እስከ 1927 እ.ኤ.አ.፣ ኋላም በ1948 እ.ኤ.አ. ጉጌ ተራሮች፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ሰሜን ድረስ በበቅሎ እየተጓዘ ጥንዚዛ ሰብስቧል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዣኔል ከ1932 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. ከኦሞ ጉዞ ጋር መጥቶ የምሥራቅ አፍሪካን ተራሮች አስሷል። ቅርብ ጊዜ ደግሞ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ያሉበት ቡድን ከባሌና ከአጠገቡ ካሉት የአርሲ እሳተ ገሞራ ተራሮች ብዙ አዳዲስ ዝርያዎችን ስም አውጥቶላቸዋል። ብዙዎቹ ከአንድ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የዘረመሉ ምርመራ ሁለት ዓይነት ታሪክ አሳይቷል፤ አንዳንዶቹ እጅግ ጥንታዊ ቅሪቶች ናቸው፤ ሌሎቹ በአጭር ጊዜ ውስጥ ፈንድተው የበዙ ናቸው። አንድ ደጋ ላይ አያትና አራስ አብረው ይኖራሉ።

ስለ ዛሬው ለውጥ ሁለት ነገር ብዬ ላብቃ። ሁለቱም ወደ ላይ ስለመውጣት ነው።

አንደኛው እዚህ ኡጋንዳና ጅማ ውስጥ ያለ ነው። የኡጋንዳ ደን የሮቡስታ ቡና አገር ነው፤ የእኛ ደን ደግሞ የአረቢካ። ሁለቱንም የሚያጠቃ የቡና ፍሬ በሳች ጥንዚዛ አለ። ሴቷ ሁለት ሚሊ ሜትር አትሞላም። በፍሬው ጫፍ በስታ ገብታ እንቁላሏን ዘሩ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ እዚያው ተፈልፍለው፣ ወንድምና እህት እዚያው ተገናኝተው፣ ሴቶቹ አርግዘው ይወጣሉ። ወንዶቹ መብረር አይችሉም፤ ከተወለዱበት ፍሬ ሳይወጡ ይሞታሉ። ካፌይን ሌላውን ነፍሳት ይመርዛል፤ በዚህ ጥንዚዛ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ግን ካፌይኑን እንደሚያፈርሱለት በ2015 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ከ15 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ካለ ግን አያድግም። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የጅማን የሙቀት መዝገብ አይቶ፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. በፊት ይህ ጥንዚዛ እዚያ በዓመት አንድ ትውልድ እንኳ የሚያደርስ ሙቀት እንዳልነበረው አሰላ። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድና ሁለት ትውልድ ይችላል። በብርድ ተቆልፎበት የኖረ ቤት በእኛ ዕድሜ ተከፈተለት። እዚህ መካከል የጅማ፣ የከፋና የኢሉባቦር ልጆች አላችሁ፤ ወደ ቤት ስትደውሉ ቡናው ላይ ቀዳዳ እንዳለ ጠይቁልኝ፤ በስንት ከፍታ ላይ እንደሆነም።

ሁለተኛው ተራራው ላይ ነው። እዚህ አገር በምዕራብ ያለው ርዌንዞሪ በ1906 እ.ኤ.አ. ስድስት ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በረዶ ነበረው፤ በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። የባሌው በረዶ ከጠፋ ሺህ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅዝቃዜው ግን ገና አለ፤ ትሬኩስ የሚኖረው በእሱ ነው። አየሩ በሞቀ ቁጥር ቡና በሳቹ ከቆላ ወደ ወይና ደጋ ይወጣል። ከበላዩ ገና ብዙ ቡና አለው። ትሬኩስም ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣል። የሳኔቲ ቁንጮ ቱሉ ዲምቱ ነው፤ 4,377 ሜትር። ከዚያ በላይ የሚገለበጥ ድንጋይ የለም።